ላፕቶፑ ሳይነካ እየነቃ ካስቸገራችሁ የትኛው መፍትሔ ይሻላችኋል?

ባለፈው ክረምት ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው። ዑራኤል አካባቢ ስንደርስ ጭኔ ሞቀኝ። ዚፑን ከፈትኩ። የላፕቶፑ ፋን ይጮኻል፤ ታችኛው ገጹ እጅ ያቃጥላል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ክዳኑን ዘግቼ ስሊፕ ላይ ነበር የተውኩት። ባትሪው ያኔ 92 በመቶ ነበር። ሜክሲኮ ወርጄ ሳየው 58 ደርሷል። ቢሮ ስገባ ደግሞ መብራት ጠፍቷል።

የእህቴ ነገር ሌላ ነው። የእሷ ላፕቶፕ ቻርጀር እንደተሰካበት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያድረው። ሌሊት ብቻውን ቦግ ይላል። እማዬ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ አየችው፤ በስመ አብ ብላ ነጠላዋን ደረበችበት። በነጋታው እህቴ ደወለችልኝ።

«ወንድምዬ፣ ላፕቶፔ ሌሊት ሌሊት ብቻውን እየበራ ነው። ልሽጠውና ሌላ ልግዛ እንዴ?»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ማን እንደሚቀሰቅሰው እንየው» አልኳት።

ሁለቱም ማሽኖች ሳይነኩ ነቅተዋል። የእኔን የቀሰቀሰውና የእሷን የቀሰቀሰው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ መፍትሔውም አንድ ሊሆን አልቻለም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛው የነገረውን ይሞክራል፣ አልሆን ሲለው ሌላ ይሞክራል፣ በመጨረሻ ፎርማት ያስደርጋል። ከታች ያሉትን አማራጮች ሁሉንም በየተራ መሞከር አያስፈልጋችሁም። ላፕቶፓችሁ የሚውልበትንና የሚያድርበትን ቦታ አስቡ፣ ቀስቃሹን እወቁ፣ ከዚያ አንዱን ወይም ሁለቱን ምረጡ። የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ስለ ማክም ትንሽ እላለሁ።

መጀመሪያ፦ ነቅቶ ነው ወይስ ጭራሽ አልተኛም?

ይህን መለየት ግድ ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ነቃ የሚባለው ሳይተኛ አድሮ ነው። ብሮውዘር ላይ የተከፈተ ቪዲዮ፣ በማውረድ ላይ ያለ ፋይል፣ ያልተዘጋ የስብሰባ ጥሪ ማሽኑን እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። የስሊፕ መብራት ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን ዝጉና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ፋኑ ካልቆመ፣ መብራቱም ቀስ እያለ ብልጭ ድርግም ማለት ካልጀመረ አልተኛም። እንዲህ ከሆነ ችግሩ የተከፈተ ፕሮግራም ነው። ዝጉት። ቀጥሎ የምንነጋገረው ተኝቶ ስለሚነቃው ነው።

ቀስቃሹን ከማሽኑ መጠየቅ

ስታርት ሜኑ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ፈልጉ። በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ በአድሚኒስትሬተር ክፈቱት። የምትጽፉት ትዕዛዝ ፓወርሲኤፍጂ ይባላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ፓወር የሚለውን ቃልና ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ሦስት ፊደላት አያይዛችሁ ጻፉ። ክፍት ቦታ ተዉ፣ ስላሽ አድርጉ፣ ከስላሹ ቀጥሎ ደግሞ ከዚህ በታች ካሉት ቃላት አንዱን።

ላስትዌክ ካላችሁት በመጨረሻ ያነቃውን ነገር ይነግራችኋል። ዌክታይመርስ ካላችሁት በሰዓት ተቀጥሮ የሚጠብቅ ቀስቃሽ ካለ ያሳያችኋል። ኤ የምትለዋን አንዲት ፊደል ብቻ ስትጽፉ ደግሞ ማሽናችሁ የትኛውን የእንቅልፍ ዓይነት እንደሚችል ይዘረዝራል። ይህቺን መጨረሻዋን አትዝለሏት። ምርጫችሁን ከሁሉም በላይ የምትወስነው እሷ ናት።

ማሽኑ ይችላቸዋል ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል (አይችላቸውም ከተባሉት ሳይሆን) ኤስ 3 የሚል ካያችሁ የቆየው ዓይነት እንቅልፍ ነው። በዚህ እንቅልፍ ኃይል የሚያገኘው ራሙ፣ ማለትም የከፈታችሁት ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ሌላው ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠፋል። ኤስ 0 ሎው ፓወር አይድል የሚል ካያችሁ ግን ሞደርን ስታንድባይ የሚባለው ነው። ዊንዶውስ 8 በ2012 ኮኔክትድ ስታንድባይ ብሎ የጀመረው ሐሳብ ሲሆን በዊንዶውስ 10 ሰፋ ብሎ መጣ። ሐሳቡ ላፕቶፑ እንደ ስልክ እንዲሆን ነው፦ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ማሽኑ ግን ውስጡ ብቅ ጥልቅ እያለ ኢሜይል ይቀበላል፣ አፕዴት ያያል። ስልክ ላይ የሚያምር ነገር ነው። ቦርሳ ውስጥ ባለ ላፕቶፕ ላይ ግን አንድ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር (የማሽኑን ዕቃዎች የሚያሠራ ሶፍትዌር) አልተኛም ካለ የእኔ ጭን ላይ የደረሰው ይደርሳል። የእኔ ላፕቶፕ እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሞደርን ስታንድባይ ላይ ላስትዌክ ብዙ ጊዜ ምንም አይነግራችሁም። በእሱ ፋንታ ስሊፕስተዲ በሉት። በብሮውዘር የሚከፈት ሪፖርት ይሠራላችኋል። ማሽኑ በየትኛው ሰዓት ተኛ፣ ስንት በመቶ ባትሪ በላ፣ ማን እንቅልፍ ነሳው የሚለው በቀለም ተለይቶ ይቀመጣል። ቀዩን መስመር ተጫኑት።

ሌላው ምስክር ኢቨንት ቪውወር ነው፤ ማሽኑ ላይ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብ የዊንዶውስ መዝገብ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም ውስጥ ግቡና ፓወር ትራብልሹተር የሚለውን ፈልጉ። እያንዳንዱ መንቃት ከነሰዓቱና ከነምንጩ ተጽፏል። የሰዓቱን ነገር አደራ። ኮምፒውተሩ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእህቴ ላፕቶፕ 2:00 ኤኤም ላይ ነቃ ሲል በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ይህ ሰዓት ደግሞ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ዊንዶውስ አውቶማቲክ ሜንቴናንስ የሚባለውን የውስጥ ጽዳቱን ካልቀየራችሁበት የሚቀጥረው ልክ 2:00 ኤኤም ላይ ነው። እማዬ ነጠላ የደረበችው ለዚህ ነበር። የሰዓት ክልሉም ትክክል መሆኑን እዩ። ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል የለም፤ ናይሮቢ የሚለው ነው የእኛ።

ቀስቃሹን ለይቶ መዝጋት

ላስትዌክ የዩኤስቢ፣ የማውስ ወይም የኔትወርክ ስም ከጠራላችሁ ይህ በቂ ነው። ሌላ አትድከሙ።

ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ማውሱን ፈልጉና ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ገጽ እዩ። ይህ ዕቃ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ ፍቀድ የሚል ትርጉም ያለው ሳጥን አለ። ምልክቱን አንሱት። ገመድ አልባ ማውስ ከሆነ ሪሲቨሩ (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሽ መቀበያ) ሌላ ስም ይዞ ኪቦርድ ሥርም ሊቀመጥ ስለሚችል እዚያም እዩ። ጠረጴዛ ሲነቃነቅ፣ ድመት ስታልፍ፣ ልጅ ሲሮጥ የሚነቃ ላፕቶፕ በዚህ ይድናል። ማውሱ መቀስቀስ ተከለከለ ማለት መሥራት አቆመ ማለት አይደለም። ስትፈልጉ በፓወር ቁልፉ ታስነሱታላችሁ፣ ማውሱ እንደ ወትሮው ይሠራል።

የኔትወርክ ካርዱ ከሆነ እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ሳጥን ታገኛላችሁ፤ በማጂክ ፓኬት ብቻ ይቀስቀስ የሚል። ማጂክ ፓኬት ማለት ሆን ተብሎ ለእናንተ ማሽን የሚላክ የማንቂያ መልእክት ነው። ይህን ምልክት ስታደርጉ ኔትወርኩ ላይ የሚያልፍ ተራ ወሬ ሁሉ ላፕቶፓችሁን አያስነሳም። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ጭራሹን ዝጉት። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ግን አይቲ ክፍሉን ጠይቁ። አንዳንድ ድርጅት ማሽኖቹን ሌሊት ቀስቅሶ አፕዴት የሚጭነው በዚሁ መንገድ ነው።

የዚህ አማራጭ ጥሩነቱ ምንም አለማሳጣቱ ነው። ላፕቶፑ በሴኮንድ ይነሳል፣ ሥራችሁ እንዳለ ይጠብቃችኋል። ድካሙ ግን ቀስቃሹ ሦስት አራት ሲሆን እያንዳንዱን ማደን ነው። ሞደርን ስታንድባይ ያለው ማሽን ላይ ደግሞ ያ ገጽ ለብዙ ዕቃዎች አይገኝም።

የሰዓት ቀጠሮውን መዝጋት

የእህቴን ላፕቶፕ ያዳነው ይህ ነው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የምትጠቀሙበትን ፕላን አድቫንስድ ሴቲንግ ክፈቱ። ስሊፕ በሚለው ሥር አላው ዌክ ታይመርስ አለ። ዲሴብል አድርጉት፤ ለባትሪም ለቻርጀርም። መሃል ላይ ኢምፖርታንት ዌክ ታይመርስ ኦንሊ የሚል ምርጫ ታያላችሁ። ያታልላል። ከአፕዴት በኋላ ሪስታርት ማድረግን የመሰለውን ዊንዶውስ አስፈላጊ ነው ብሎ ስለሚቆጥር ሌሊት መነሳቱ ይቀጥላል። እኔ ሙሉ በሙሉ ዝጉት ነው የምለው።

ከዚያ አውቶማቲክ ሜንቴናንስን ፈልጋችሁ በቀጠሮው ሰዓት ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ጽዳቱ ይቀራል ብላችሁ አትስጉ፤ ቀን ማሽኑ በርቶ ሥራ ሲፈታ ይሠራዋል። አፕዴቱን ግን በሳምንት አንድ ቀን ራሳችሁ አስጭኑት፤ እህቴ ቅዳሜ ከሰዓት ታደርገዋለች።

ሀይበርኔት

ላፕቶፑን በቦርሳ ለሚይዝ ሰው ከሁሉም ይህን እመርጣለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላብራራው።

ስሊፕ ማለት ሥራችሁ ራም ላይ ሆኖ በትንሽ ኃይል ይጠብቃል ማለት ነው። ኃይሉ ከተቋረጠ ሥራው ጠፋ። ሀይበርኔት ግን ራሙ ላይ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ይገለብጠውና ማሽኑን ያጠፋዋል። ባትሪው ቢያልቅ፣ ቢነቀል፣ ሳምንት ቢቆይ የከፈታችሁት ኤክሴልና ዎርድ እዚያው ነው።

ይህ እኛ አገር ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። ብዙዎቻችን የምንይዘው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው። እህቴ ሂሳብ ሠራተኛ ናት። አንድ ጊዜ ሰኔ 30 ሲቃረብ የዓመቱን ሂሳብ ከፍታ፣ ላፕቶፑን ስሊፕ ላይ አድርጋ ተኛች። ሌሊት መብራት ሄደ። ባትሪው አልቻለም። ጠዋት ኤክሴሉ ግማሹን መለሰላት፣ ግማሹን እንደገና ሠራችው። አይኗ ቀልቶ ነበር። ሀይበርኔት ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት ምንም አያመጣም ነበር።

ሰው ስለ ሀይበርኔት የሚያነሳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለመነሳት ይዘገያል። እውነት ነው። ስሊፕ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ይነሳል። ሀይበርኔት በኤስኤስዲ (በአዲሱ ፈጣን ዲስክ) አሥር ሃያ ሴኮንድ ይወስዳል፣ በድሮው ሃርድ ዲስክ ከዚያም በላይ። በቀን ሃያ ጊዜ ክዳን ለሚከፍትና ለሚዘጋ ሰው ይህ ያሰለቻል። ሁለተኛ፣ ቦታ ይይዛል። ራሙ የሚገለበጥበት ፋይል ሲጀመር ከራማችሁ 40 በመቶ ያህል ነው። 8 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ከ3 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ዲስኩ 128 ከሆነና ከሞላ ይሰማችኋል፤ አለበለዚያ ምንም አይደል። ሦስተኛ፣ ኤስኤስዲውን ይጨርሳል የሚባለው ነው። ይህን ሒሳቡን ሠርተን እንየው። በቀን ሁለቴ 3 ጊጋባይት ቢጽፍ በዓመት 2,200 ጊጋባይት፣ ማለትም 2.2 ቴራባይት ገደማ ነው። 240 ጊጋባይት የሆኑ ርካሽ ኤስኤስዲዎች እንኳ ብዙዎቹ 80 ቴራባይት እንዲጻፍባቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። ላፕቶፑ ራሱ ያን ያህል አይቆይም።

ሜኑው ላይ ሀይበርኔት ካላያችሁ ተደብቆ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የፓወር ቁልፎች ምን ያድርጉ የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ከላይ አሁን መቀየር የማይቻሉትን ቀይር የሚለውን ተጫኑ፣ ከታች ሀይበርኔትን ምልክት አድርጉ። እዚያው ገጽ ላይ ክዳን ሲዘጋ የሚለውን ባትሪ ላይ ሲሆን ሀይበርኔት፣ ቻርጀር ላይ ሲሆን ስሊፕ አድርጉት። እኔ ከሚኒባሱ በኋላ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ቢሮ ውስጥ ተሰክቶ ሲውል በፍጥነት ይነሳልኛል። ነቅዬ ክዳኑን ስዘጋ ግን ይጠፋል። ልብ በሉ፣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ከዚያ ክዳኑን ዝጉ። ተሰክቶ እያለ ከዘጋችሁትና በኋላ ከነቀላችሁት ስሊፕ ላይ ሆኖ ቦርሳ ይገባል።

መሃል መንገድም አለ። አድቫንስድ ሴቲንጉ ውስጥ ሀይበርኔት አፍተር የሚለው ላይ 30 ደቂቃ ብትጽፉ ለአጭር ጊዜ ስሊፕ ያደርጋል፣ ከቆየ ወደ ሀይበርኔት ይገባል። በየሰዓቱ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ለሚሄድ ሰው ይመቻል። ቦርሳ ውስጥ ግን ሠላሳ ደቂቃ ብዙ ነው፤ ለመሞቅ ከዚያ ያነሰ ይበቃል።

ጥቂት ማሽኖች ላይ የሰዓት ቀጠሮና የኔትወርክ ጥሪ ከሀይበርኔትም ሊያስነሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሀይበርኔትን ስትመርጡ የሰዓት ቀጠሮውንም ደርባችሁ ዝጉ።

መብራት ሲመጣ የሚበራ ከሆነ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ሀይበርኔትም ሻት ዳውንም ስለማያግዱት ነው። ብዙ ዴል ላፕቶፖች ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ) ውስጥ ዌክ ኦን ኤሲ የሚል ምርጫ አላቸው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ፓወር ኦን ዊዝ ኤሲ አታች ይባላል። በርቶ ከተገኘ ኃይል እንደመጣ ማሽኑ ራሱን ያበራል። መብራት በማይቆራረጥበት አገር ሰው ሳያውቀው ዓመት ይኖራል። እኛ ጋ ግን ላፕቶፑ ተሰክቶ ካደረ መብራቱ ተመልሶ በመጣ ቁጥር ይነሳል።

ማወቂያው ቀላል ነው። ኢቨንት ቪውወር ላይ የተጻፈውን ሰዓት መብራት ከመጣበት ሰዓት ጋር አስተያዩት። ከገጠመ፣ ማሽኑን ስታበሩ ዴል ከሆነ ኤፍ 2ን፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1ን እየተጫናችሁ ባዮስ ግቡና አጥፉት። ባዮስ ውስጥ የማታውቁትን ሌላ ነገር አትንኩ።

ሻት ዳውን

ቀላሉ ይህ ነው፤ ማታ ሥራ ጨርሶ እስከ ጠዋት ለማይነካው ሰው ጥሩ ነው። የሚያሳጣችሁ የተከፈተውን ሥራ ነው። ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ ስላለው ሻት ዳውን ስትሉት የራሱን የውስጥ ክፍል ሀይበርኔት ያደርጋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሙሉ መዝጋት ከፈለጋችሁ ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውን በሉት።

ፎርማት

ጥገና ቤት ብትወስዱት መጀመሪያ የምትሰሙት ይህን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ችግር ብላችሁ አታስደርጉት። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ የሚመጣው ማውሱ እንዲቀሰቅስ ተፈቅዶለት፣ የሌሊት 8 ሰዓቱ ቀጠሮም እንዳለ ሆኖ ነው። ባዮሱንም አይነካውም። ፎቶአችሁንና ፋይላችሁን ለአደጋ አጋልጣችሁ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ፣ ያው ቀስቃሽ ተመልሶ ይመጣል። ጥገና ቤት መሄድ ያለባችሁ የክዳኑ ሴንሰር ከተጠረጠረ ነው። ክዳኑ ውስጥ ትንሽ ማግኔት አለች፤ ሴንሰሩ መዘጋቱን የሚያውቀው በእሷ ነው። ክዳኑ የላላ፣ ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ትንሽ ከፈት ሲል ተከፈትኩ ብሎ ይነሳል። ከዚያ በፊት ግን ክዳኑ ሲከፈት እንዳይነሳ የሚያደርግ ምርጫ ባዮሳችሁ ውስጥ እንዳለ እዩ።

ማክ ከሆነ

ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ባትሪ፣ ከዚያ ኦፕሽንስ ግቡ። ዌክ ፎር ኔትወርክ አክሰስ የሚለውን ኔቨር አድርጉት። የኢንቴል ማክ ላይ ፓወር ናፕ የሚልም ታገኛላችሁ፤ እሱንም አጥፉት። አብዛኛው ሰው በዚህ ይገላገላል።

እኔ ብሆን

ላፕቶፑ ቤት ተሰክቶ የሚያድር፣ ባትሪው ደህና የሆነ፣ እንቅልፉ ኤስ 3 የሆነ ከሆነ በስሊፕ እቀጥልና የሰዓት ቀጠሮውንና የማውሱን መቀስቀስ እዘጋለሁ። አሥር ደቂቃ ሥራ ነው። በቦርሳ የሚዞር ከሆነ፣ በተለይ ሞደርን ስታንድባይ ከሆነ፣ ቀስቃሹን ሳድን አልውልም፤ ባትሪ ላይ ሲሆን ክዳኑ ሀይበርኔት እንዲያደርግ አድርጌ እጨርሳለሁ። ባትሪው የደከመ ከሆነ የትም ይደር የት ሀይበርኔት ነው፤ ተሰክቶም ቢሆን። ለእህቴ የሰዓት ቀጠሮውን ከዘጋሁላት በኋላ ይህንንም ጨምሬላታለሁ፤ የእሷ ሥራ ዳግም መሠራት የለበትም።

የመረጣችሁትን ካደረጋችሁ በኋላ ፈትኑት። ማታ ቻርጀሩን ነቅላችሁ የባትሪውን በመቶኛ ወረቀት ላይ ጻፉ። ጠዋት እዩት። ሀይበርኔት ላይ አድሮ ከሆነ ምንም ማለት ይቻላል መጉደል የለበትም። ኤስ 3 ስሊፕ ላይ ከሆነ ጥቂት በመቶ ቢጎድል ያለ ነው። ከ10 በላይ ከጎደለ ግን ሌላ ቀስቃሽ ቀርቷል ማለት ነው፤ ኢቨንት ቪውወርን ክፈቱና የሌሊቱን ሰዓት ፈልጉ።